በአያ ይታየው ጤፍ ውስጥ የወደቀው የሮኬት ኳስ

በቅድሚያ፣ ሁሉም ሰው ደኅና ነው። ባለፈው ወር ቻናሌ ላይ የለጠፍኩትን አንብባችሁ የተጨነቃችሁ ሁሉ እፎይ በሉ፤ እኔም እፎይ ብያለሁ። ከዚህ በታች ያለው እዚያ ደርሼ እንዴት እንደተመለስኩ ነው፤ ፍኖተ ሰላምንም ቡሬንም ረግጣችሁ ለማታውቁ ጭምር።

ለማታውቁኝ፣ አስናቀ እባላለሁ፤ ኮልፌ ፎቶ ቤት አለኝ። እንጀራዬ ሠርግና ምረቃ ነው፤ ልቤ ያለው ግን ሮኬት ላይ ነው። የትም አገር ሮኬት ሲወነጨፍ በስልኬ እከታተላለሁ፣ ሳተላይት በከተማው ላይ ሲያልፍ ጣሪያ ላይ ወጥቼ አነሣለሁ፣ ያነበብኩትን ቻናሌ ላይ እጽፋለሁ። ባለቤቴ «የሰው ባል መሸታ ቤት ነው የሚፈለገው፣ የኔው ቆርቆሮ ላይ» ትላለች። ይህን ሁሉ ዓመት ታዲያ ሮኬት ሲነሣ በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ የሮኬት ብረትም በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር።

አንድ እሑድ ከቡሬ ስመኘው የሚባል መምህር ፎቶ ላከልኝ። ቻናሌን ይከታተላል። ፎቶው ላይ በደረሰ ጤፍ መካከል እሳት የለበለበው፣ የእንስራ ሆድ የሚያህል ክብ ብረት ተቀምጧል። ሰማዩ እንደ ነጎድጓድ አጉረምርሞ አጎቱ ማሳ ላይ እንደወደቀ ጻፈልኝ። ሮኬት ሳተላይቱን ካደረሰ በኋላ የሚቀረው አካሉ ሲመለስ አየር ላይ ይቃጠላል፤ አንዳንዴ ግን እንዲህ ያለ ታንክ ሳይቀልጥ ይወርዳል። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ወዲያው ግን ሊቅ ልምሰል አልኩና በማግስቱ እንዲህ ብዬ መለስኩለት፤ ቻናሌም ላይ ለጠፍኩት፦ ማንም እንዳይነካው፣ የሮኬት ነዳጅ በቆዳ ይገባል፣ የነካው ሰው ዛሬ ደኅና ቢመስል እንኳ ቀስ በቀስ ይገድለዋል፣ ሰውም ከብትም መቶ እርምጃ ይራቅ። ግማሹን ያነበብኩት ነው፤ ግማሹን ከፍርሃቴ የጨመርኩት።

ሦስት ሳምንት ሊሞላ ሲል ስመኘው ደወለ። አጎቱ ቃሌን አምነው ማሳውን በእሾህ አጥረዋል። የጎረቤት ጤፍ ሁሉ ታጭዷል፣ የእሳቸው ቆሞ መርገፍ ጀምሯል፣ ሰማዩም ያለ ወቅቱ ዳመና እያሳየ ነው። ለሚመለከተው ተነግሮ ባለሙያ እየተጠበቀ ነው፤ ጤፍ ግን አይጠብቅም። «ጋሽ አስናቀ፣ አትንኩት ያሉት እርስዎ ነዎት፤ መጥተው ይንገሯቸው» አለኝ። ምን ብዬ ልንገራቸው? «ግቡ» ብዬ ሰው ቢሞትስ? «አትግቡ» ብዬ የዓመት ቀለባቸው መሬት ላይ ቢቀርስ? ሁለቱም በኔ አንገት ነው። ፎቶ ቤቱን ዘግቼ ተነሣሁ።

ሰኞ

አውቶቡሱ ሊነጋጋ ሲል ተነሣ። ረዳቱ የካሜራ ቦርሳዬን ጣሪያ ላይ ካልጫንኩ ብሎ ሞገተኝ፤ እኔም እምቢ ብዬ ታቅፌው ሄድኩ። ዓባይ በረሃ ስንወርድ የፍሬኑ ሽታ አፍንጫ ይበጥሳል። ኮልፌ ቁልቁለት አለ ብዬ ሳማርር የኖርኩት ሰውዬ፣ ያን ገደል እያየሁ ሰፈሬን ይቅርታ ጠየቅሁ።

ደብረ ማርቆስ ላይ ምሳ ወረድን። የነቢያት ጾም ስለሆነ በያይነቱ ነው የቀረበው። ሽሮው እኛ ዘንድ ሽሮ ከሚባለው ውኃ ጋር አይገናኝም፤ ቆሞ ይሄዳል። በልቼ ስነሣ የመርዝ መከላከያ ብዬ የገዛሁትን ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ከነከረጢቱ ጠረጴዛው ሥር ትቼው ሄድኩ። ትዝ ያለኝ ደምበጫ ደርሰን ነው። ፊቴ ሲገረጣ ሾፌሩ በመስታወት አይቶኝ ኖሯል። ምግብ ቤቱ ጋ ደወለ፤ ባለቤቷ በኋለኛው መኪና እንደሚልኩትና ጠዋት ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ እንደማገኘው ነገረችው። ለማላውቀው ሰው ከረጢት ይህን ያህል መጨነቅ እኛ ከተማ የለም ብል ውሸት አይሆንብኝም።

እዚያው ፍኖተ ሰላም አደርኩ። ያረፍኩባት ትንሽ ሆቴል ባለቤት ስሜን ስትመዘግብ ለምን እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። «ለሮኬት» ስላት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ወዲያው ገባኝና በጦርነት የሚተኮሰውን ሳይሆን ወደ ሰማይ የሚወጣውን ነው ብዬ ማስረዳት ያዝኩ። አላመነችኝም መሰለኝ። ያም ሆኖ ለእግሬ ሙቅ ውኃ ላከችልኝ፤ ጠዋትም ሻይ ካልጠጣህ አትወጣም አለችኝ።

ማክሰኞ

በፈረስ ጋሪ መናኸሪያ ሄድኩ፤ ከረጢቴ መጥቷል። ምንም አልጎደለም። ከዚያው በሚኒባስ ወደ ቡሬ ተሳፈርኩ። ከማንኩሳ ወዲያ በየደጁ የተሰጣው በርበሬ መንገዱን አቅልቶታል። ሾፌሩ መስኮት ሲከፍት ሁላችንም አስነጠሰን፤ እሱ ብቻ ለምዶት ዝም አለ።

ስመኘው ቡሬ ላይ ተቀበለኝ። ቀጭን፣ ጠመኔ ከኮቱ የማይለቅ ልጅ እግር መምህር ነው። ከቻናሌ ገምቶኝ የነበረው ረዥም ሰው ኖሯል፤ ሲያየኝ ትንሽ ቅር ያለው መሰለኝ። እሱ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያለው መንገድ ለእኔ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ፤ አዲስ ጫማ አድርጌ መሄዴ የከተሜ ሞኝነት ነው። ተረከዜ ውኃ ቋጠረ። ከገበያ የሚመለስ አንድ ገበሬ ሳንጠይቀው ቦርሳዬን አህያው ላይ ጭኖ እስከ መንደሩ አደረሰልኝ፤ «ከሸክምህና ከእግርህ አንዱን እንኳ እናትርፍልህ» ብሎ።

የስመኘው አጎት አያ ይታየው ከእሾህ አጥሩ ፊት ዱላቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከብትና ልጅ እንዳይገባ ከጠዋት እስከ ማታ የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። ከማሳው ላለመራቅ ሲሉ ለወትሮው ከማይቀሩበት ቤተ ክርስቲያን እንኳ ቀርተዋል። ጤፉን አየሁት። በአጥሩ ዙሪያ መሬቱ በረገፈው ፍሬ ቀልቷል። ቁጣ ነበር የጠበቅሁት፤ ሰውየው ግን ተነሥተው ጎኔን እስኪያመኝ አቀፉኝና «ሰው ያዳንክ ልጅ፣ ደኅና መጣህ» አሉኝ። ምነው በሰደቡኝ።

ቤት ስንገባ ባለቤታቸው እትዬ እናኑ ከሩቅ እጅ ነሡኝ። እጃቸውን አልሰጡኝም። ምግቡን ያቀረበችው የጎረቤት ሴት ናት፤ እሳቸው ሆዴን ያመኛል ብለው ጥግ ይዘው በራሳቸው ጣሳ ይጠጣሉ። ሁለት ዓመት የማይሞላት የልጅ ልጃቸው ወደ እሳቸው እየተንደረደረች ስትመጣ በጎረቤቷ በኩል ያስመልሷታል። ልጅቷ ታለቅሳለች፤ እሳቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። ጤፋቸውን ያስያዝኩ እኔ ነኝና ቂም ይዘውብኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

በልተን ስንጨርስ ከጥጉ ሆነው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ያን ነገር የነካ ሰው ስንት ቀን ይቆያል?»

እኔ ደግሞ፣ አፌን በዘጋው ኖሮ፣ እንደ ሐኪም ጉሮሮዬን ጠርጌ እንደ ሰውየው ነው አልኳቸው። አንዳንዱ ሳምንት፣ አንዳንዱ ወር። ራሳቸውን ነቀነቁና ጣሳቸውን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ።

ረቡዕ

ጠዋት ጓንት፣ የአፍ መሸፈኛ፣ የዝናብ ልብስ፣ በዚያ ላይ የስመኘውን ቦት ጫማ አድርጌ አጥሩን ከፍቼ ገባሁ። የመንደሩ ሰው ዳገቱ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። ጤፉ ወገብ ይደርሳል፤ ከነፋስ ብዛት ተኝቶ እግር ይጠልፋል። ስመኘው ወዳመለከተኝ ቦታ ደረስኩ። ጤፉ ክብ ሆኖ ተጨፍልቋል፣ መሬቱ ትንሽ ጎድጉዷል፤ ኳሱ ግን የለም።

አካባቢውን ደጋግሜ ዞርኩት። የለም።

ወጥቼ ስነግራቸው አያ ይታየው ባሉበት ቁጭ አሉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ፍጡር አላስገቡም። ከዳገቱ ላይ አንዱ «ወደ መጣበት ተመልሷል» አለ፤ ሌላዋ አማተበች። እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ ፈራሁ። መርዝ ነው ያልኩት ነገር አሁን የማን ቤት፣ የማን አልጋ ሥር ነው ያለው? ስመኘው ቤት ለቤት እየዞረ ጠየቀ፤ ያየ የለም። እትዬ እናኑ ወሬውን ደጃፉ ላይ ቆመው ሰሙና ወደ ውስጥ ገቡ።

ከሰዓት በኋላ ከወንዙ ማዶ ካለችው ቤተ ክርስቲያን ቄስ አዳሙ መጡ። ጢማቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ግን የጎልማሳ ነው። መስቀል ተሳለምኩ። ሥራዬን ጠየቁኝ፤ ፎቶ አንሺ መሆኔን ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና ነገ ከኪዳን በኋላ መጥቼ ደወላቸውን እንዳነሣላቸው ለመኑኝ። በውስጤ ተናደድኩ። አገር በመርዝ ፍለጋ ተጨንቋል፣ እኚህ ሰው ደወል አንሣልኝ ይላሉ! ሥራ አለብኝ ልል ስል ስመኘው በክርኑ ጎሰመኝ። የቄስ ልመና አይመለስም።

ሐሙስ

ጠዋት በኪዳኑ ደወል ነቃሁ። ኮልፌ ካለው ደወል ይቀጥናል፣ ጥርት ያለ ነው። እያነከስኩ ወንዙን ተሻግሬ ሄድኩ።

ዲያቆኑ ወደ ደወል ቤቱ ወሰደኝ። ደጃፉ ላይ የመኪና ቸርኬ ተጋድሟል፤ ለብዙ ዓመት ደወላቸው እሱ ነበር። አዲሱን አንድ ባለ ስለት ሰው ስሜን አትጥሩ ብሎ እንደሰጠ አወራኝ። ዲያቆኑ ቅር የተሰኘበት ነገር አለ። ደዋዩ እሱ ነበር፤ አዲሱ ከመጣ በሁለተኛው ቀን ግን ቄስ አዳሙ ማንም ወደዚያ እንዳይወጣ ከልክለው በየጠዋቱ ራሳቸው ይደውላሉ። ምን አጥፍቼ ይሆን እያለ ሦስት ሳምንት ሲብሰለሰል ከርሟል።

መሰላሉን ወጣሁ። ቄሱ ቀድመውኝ ቆመዋል። ከምሰሶው በጠፍር የተንጠለጠለው ያ ኳስ ነው።

በአንድ በኩል በሕይወቴ ልነካው ስመኝ የኖርኩት የሮኬት ብረት ነው፤ በሌላ በኩል ጓንቴን ቤት ትቼ መጥቻለሁ። ቄሱ ባዶ መዳፋቸውን አሳርፈውበት እንደ በሬ ሽንጥ ያሻሹታል።

«አባቴ፣ ማን ነው ያመጣው?» አልኳቸው።

«እሱ በንስሐ የተነገረኝ ነው፤ ከእኔ ጋር ይቀበራል» አሉ። «ደወሉ ግን ንስሐ አልገባም። አንተም ፎቶ አንሺ ነህ፤ ያየኸውን አንሣ።»

አነሣሁ። በየጎኑ አነሣሁት። ሁለት አፍ አለው፤ ሁለቱም ክፍት ናቸው፣ ውስጡ ደርቆ ጠቁሯል። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ያለውን ኮረብታ ወጥቼ ኔትወርክ ሳገኝ ለሀብቱ ላክሁለት። ሀብቱ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር መሐንዲስ ወዳጄ ነው፤ የምጽፈውን ሁሉ ሲያርምልኝ ኖሯል። ያን ጽሑፍ ግን ቸኩዬ ሳላሳየው ነበር የለጠፍኩት።

ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ደወለ። ከግድግዳው ውፍረትና ከአፎቹ አሠራር የነዳጅ ታንክ አይደለም አለኝ። ነዳጁን ለመግፋት የሚያገለግል የጋዝ ታንክ ነው፤ ጋዙም ልጆች ፊኛ የሚነፉበት ዓይነት ነው፤ እሱም ገና ሰማይ ላይ ወጥቶ አልቋል። የነካው ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አንድ ቄስ ሦስት ሳምንት በየቀኑ በባዶ እጃቸው ሲነኩት ከርመዋል አልኩት። እንዴት ናቸው አለኝ። ድምፃቸው ካንተ ይበልጣል አልኩት። እንግዲያው ነዳጅ ቢነካው ኖሮ በመጀመሪያው ቀን እጃቸው ይላጥ ነበር፤ ለማንኛውም እንዳይቆርጡትና እንዳይሞርዱት፣ ለወረዳው በደብዳቤ አሳውቁ አለኝ። ያንኑ ዕለት ጻፍን። ሀብቱ ስልኩን ሳይዘጋ ዝቅ ባለ ድምፅ «ነክቶ የቆየ ሰው ቀስ በቀስ ይሞታል ያልከውን ከየት አመጣኸው?» አለኝ። «ከፍርሃቴ» አልኩት።

ኮረብታው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ ብል አላፍርም። ከጫንቃዬ ላይ የወረደውን የማውቀው እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ወደ ደወል ቤቱ ተመልሼ ያን ብረት በባዶ እጄ ነካሁት። ወደ ወንዙ ስወርድ ግን የእትዬ እናኑ ጥያቄ መጣብኝ። የነካ ሰው ስንት ቀን ይቆያል? ለብቻው የተቀመጠው ጣሳ፣ የማይዘረጋው እጅ፣ እያለቀሰች የምትመለሰው ሕፃን። ወይ አንተ ደንቆሮ አልኩት ራሴን። የተረከዜን ቁስል ረስቼ ሮጥኩ።

ቤት ስደርስ አያ ይታየው፣ ስመኘውና ሁለት ሦስት ጎረቤት ተቀምጠዋል። እትዬ እናኑ እንደ ወትሮው ጥጋቸውን ይዘዋል። ስማቸውን ሳልጠራ መናገር ነበረብኝ። መሃል ቆሜ፣ ኳሱ እንደተገኘ፣ እኔም በባዶ እጄ እንደነካሁት፣ የጻፍኩት ስሕተት እንደነበረ ተናገርኩ። ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ «የነካው ሰው ካለ ምንም አይሆንም፤ ዛሬም ነገም አይሞትም። የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ይቅር በሉኝ» አልኩ።

እትዬ እናኑ ተነሥተው ወደ ጓሮ ወጡ። ሲመለሱ እጃቸው ታጥቦ ውኃው ይንጠባጠባል። ሕፃኗን ከጎረቤቷ ክንድ ተቀብለው ፊታቸውን አንገቷ ውስጥ ቀበሩ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ልጅቷ ግን ትስቃለች።

ከዚያ ራሳቸው ተናገሩት። ልጃቸው ለዓመታት መካን ተብላ ኖራ፣ ፍሬ ከሰጠሃት ደወል አስገባለሁ ብለው ለሚካኤል ተስለዋል። ይቺ ሕፃን ተወለደች፤ ደወሉ ግን ከየት ይምጣ? ሚካኤልን ባሰቡ ቁጥር ሲያፍሩ ኖረዋል። ያ ኳስ ማሳቸው ላይ ሲወርድ ታዲያ ሌላ ምን ይበሉ? ስመኘው ፎቶ አንሥቶ በሄደበት ምሽት በነጠላቸው አዝለው ወንዙን ተሻገሩ። የኔ ማስጠንቀቂያ የደረሰው በማግስቱ ነው።

«ምነው ለእኔ ብትነግሪኝ?» አሏቸው አያ ይታየው።

«ብነግርህ መች ትሸሸኛለህ? ታስታምመኝ ነበር፤ አንተም ትነካው ነበር» አሉ።

አያ ይታየው «እንግዲህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ባዶ ማሳ ነው የጠበቅሁት?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። እኛም የምንይዘው ጠፋን።

ከምሳ በኋላ መንደሩ ማጭዱን ይዞ ለደቦ ወጣ። ቄስ አዳሙም መቋሚያቸውን አስቀምጠው አብረው አጨዱ። እኔም ልሞክር ብዬ ጎንበስ አልኩ፤ አንዲት ሴትዮ ካጨድኩት የረገጥኩት እንደሚበልጥ ነግራኝ ማጭዱን ቀማችኝ፣ ወደ ካሜራዬም መለሰችኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከሩቡ በቀር የቆመ ጤፍ አልነበረም። የረገፈው ረግፏል፤ የተረፈው ግን ቤቱን ያከርማል አሉ።

ዓርብ

ስመኘው እስከ ቡሬ ሊሸኘኝ ገና ጫማውን እያሰረ ነው። መንገደኛ አይጾምም ብለው ቁርሴን ያቀረቡልኝ እትዬ እናኑ ናቸው፤ እንጀራውን በእጃቸው ቆርሰው፣ ሽሮውን በእጃቸው አጥቅሰው አጎረሱኝ። ያን ሁሉ ቀን እንዴት ቻሉት ብዬ ጠየቅኋቸው።

መርዝ ነው የተባለ ዕለት ወደ ነፍስ አባታቸው ወደ ቄስ አዳሙ ሮጠው ነበር። ራሴንም ቤተ ክርስቲያኑንም ገደልኩ፣ ያን ነገር አውርደው ይቅበሩት ብለው እግራቸው ላይ ወደቁ። ቄሱ አልቀበሩትም። ዲያቆኑን ከደወሉ አራቁት፤ እሳቸውን ግን «አንቺ ጠዋት ጠዋት ስሚኝ» ብቻ አሏቸው።

«ገና ሳይነጋ ጆሮዬን አቁሜ እጠብቅ ነበር» አሉኝ። «ሲደወል፣ ከነካነው አንዳችን ዛሬም አለን እላለሁ። ያን ቀን በዚያው እውላለሁ።»

ይህን እያሉኝ የኪዳኑ ደወል ከወንዙ ማዶ ተሰማ። ማኘኬን አቆምኩ። አደዋወሉ የቸኮለ፣ አንዳንዴም የሚስት ነበር። እትዬ እናኑ ትንሽ አዳመጡና ፈገግ አሉ።

«ይሄ ዲያቆኑ ነው» አሉ። «ቄሱ ዛሬ ተኝተዋል።»